ጥርሱ ሳይታይ የሚገዛ በሬ የለም፤ የሶፍትዌር አማካሪስ?

ሞያሌ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ነጋዴ ሻጩ ስላወራለት ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ጀርባውንና ሽንጡን ይዳስሳል፣ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል፣ ከየት እንደመጣም ይጠይቃል። ይኸው ነጋዴ ሂሳቡን፣ የደንበኞቹን ስምና የዱቤ መዝገቡን የሚረከብ የሶፍትዌር አማካሪ ሲመርጥ ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ ከሰዓት የፕሮጀክተር ገለጻ አይቶና የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት አነጻጽሮ ይወስናል። ለአንድ በሬ የማይነፈገው ጥንቃቄ ድርጅቱን ለዓመታት ለሚሸከም ሥርዓት ሲነፈግ፣ ኪሳራው ከአንድ በሬ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ትናንት በአንድ ገበያ ብቻ ይገዛ የነበረ ነጋዴ ዛሬ ከቦረና ወይፈን ሰብስቦ አዳማ ዙሪያ ያደልባል፣ ሚሌ ኳራንታይን ያስገባል፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ይጠብቃል። ሌላው በግና ፍየሉን በቶጎጫሌ በኩል ወደ በርበራ ይልካል። ክፍያው በባንክ ኤልሲ፣ በሐዋላ፣ በኤምፔሳ፣ በቴሌብር ወይም በዛድ ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ የወጪና ገቢ ንግድ ፈቃዶች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወደ ኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት እየገቡ ነው። ይህን ሁሉ በደብተር፣ በኤክሴልና በፒችትሪ አያይዞ መከታተል አስቸጋሪ እየሆነ መጥቷል።

ከባሕር ማዶ ያለው ገዢም ማስረጃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሪፍት ቫሊ ፊቨር በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ከታየ በኋላ ሳዑዲ በአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት ላይ የጣለችው እገዳ እስከ 2009 ዘልቋል። እገዳ የሚጣለው በአገር ወይም በቀጠና ላይ ስለሆነ የአንድ ነጋዴ መዝገብ ብቻውን አያስቀረውም። ገበያው ሲከፈት ግን የእንስሳቱን መነሻ፣ ክትባትና የኳራንታይን ቆይታ ወዲያው አውጥቶ ማሳየት የሚችል ነጋዴ ከሌላው ቀድሞ ለመነጋገር የተሻለ ዕድል አለው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነጋዴ አማካሪ ይቅጠር ማለት አይደለም። በሳምንት አንድ አይሱዙ የሚጭን፣ ገዢዎቹን በስም የሚያውቅና ሂሳቡን ማታ ማታ የሚዘጋ ነጋዴ ጥሩ ደብተር ይበቃዋል። ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ባለቤቱ በአካል ሊደርስባቸው በማይችላቸው ቦታዎች በስሙ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ሲበዙ ነው።

እዚያ ደረጃ የደረሱ ብዙዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚል ነው። ኦዱ፣ ኢአርፒኔክስት፣ ሳፕ፣ ሌላም ስም ይጠራል። ከዚህ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ ግን «ማን ይትከለው?» ነው። አንዱ ሶፍትዌር በአንድ ድርጅት ሠርቶ በሌላው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በተከለው ሰውና በተተከለበት መንገድ ምክንያት ነው። ፈቃዱ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር እንኳ ከድርጅቱ ሥራ ጋር እስኪገጥም የሚጠይቀው ጉልበት በነፃ አይገኝም።

አማካሪው ሊፈተንበት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር እንስሳ ካርቶን እንዳልሆነ መረዳቱ ነው። መጋዘን የገባ የሳሙና ካርቶን ነገም ያው ካርቶን ነው። ከብት ግን ይከሳል፣ ይወፍራል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፣ ይወልዳል፣ የጆሮ መለያው ይወድቅበታል። አንድ ነጋዴ 400 በግ እያንዳንዱን በ6,000 ብር ገዛ እንበል። ወጪው 2,400,000 ብር ነው። 16ቱ መንገድ ላይ ቢሞቱ የቀሩት 384 በጎች እያንዳንዳቸው የቆሙበት ዋጋ 6,250 ብር ሆነ ማለት ነው፤ የመኖ፣ የጭነትና የደላላ ወጪ ገና ሳይጨመር። በ6,200 ብር የሸጠ ነጋዴ በደብተሩ ላይ በአንድ በግ 200 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን 50 ብር ከስሯል።

ክብደትም እንዲሁ ነው። በአማካይ 300 ኪሎ የሚመዝኑ 200 ወይፈኖች 60,000 ኪሎ ናቸው። በጉዞ ላይ 6 በመቶ ቢቀንሱ የሚጠፋው 3,600 ኪሎ፣ ማለትም የ12 ወይፈን ክብደት ነው። በቁጥር ብቻ የሚያስብ ሥርዓት «200 ተጫነ፣ 200 ደረሰ» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ አማካሪው ውል ከመፈራረሙ በፊት ይህን የመሰለ አንድ ጭነት ቁጥሩ ተሰጥቶት ሥርዓቱ ላይ አስገብቶ ያሳይ። ሞቱንና የክብደት ቅናሹን የት እንደሚያስገባ ግራ ከተጋባ፣ የሚያውቀው የሱቅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሚዛን ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ነገር እንደ ነጋዴው ልማድ ያድርግ ማለትም አደጋ አለው። የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ድርጅት ሊድል ከ2011 ጀምሮ ሲተክለው የነበረውን የሳፕ ሥርዓት 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ካወጣበት በኋላ በ2018 ትቶታል። በስፋት ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ፣ ሥርዓቱ የዕቃ ክምችትን የሚተምነው በመሸጫ ዋጋ ሲሆን ሊድል በለመደው የመግዣ ዋጋ እንዲሆን መፈለጉና ለዚያም የተደረገው የማሻሻያ ብዛት ነው። ጥሩ አማካሪ «ይህ የሥራችሁ ባሕርይ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ይለወጥ፤ ያኛው ልማድ ብቻ ስለሆነ እናንተ ለውጡት» ብሎ ይለያል። የእንስሳ ሞት የሥራው ባሕርይ ነው፤ ደረሰኝን በኪስ ይዞ ሦስት ሳምንት መዞር ልማድ ነው። ለሁሉም «ይቻላል» የሚል አማካሪ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ተጨማሪ ክፍያ እየቆጠረ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ገበያ መውረዱ ነው። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ቢሮ ተቀምጦ የሚነደፍ ሥርዓት ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አያስብም። ገዢው በስልኩ መዝግቦ ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ ራሱ የሚላክ ካልሆነ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ቀኑም አለ። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጳጉሜን አለች፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሞያሌን የለቀቀ መኪና በኬንያዊው ሠራተኛ ሰዓት ከሌሊቱ 3 ሰዓት ነው የተነሳው። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደፊት ስለሚመጣ፣ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር» እያለ የሚያነጻጽር ሪፖርት ነጋዴውን ያሳስተዋል። ብር፣ የኬንያ ሽልንግ፣ የጅቡቲ ፍራንክና ዶላር በአንድ ጭነት ውስጥ ሲገናኙ የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚያዝም አስቀድሞ መወሰን አለበት። እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠየቅ ራሱ የሚያነሳ አማካሪ ሥራውን ያውቃል።

ሦስተኛው ፈተና የማንን እንጀራ እንደሚበላ ማወቅ ነው። ብዙ አማካሪዎች የአንድ ሶፍትዌር ወኪል ናቸው፤ ከፈቃድ ሽያጩ ኮሚሽን ያገኛሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ ደላላም ኮሚሽን ይበላል። ነጋዴው ግን ደላላው የገዢው ይሁን የሻጩ ሳያውቅ ዋጋ አይነጋገርም። «ይህን ሶፍትዌር ብገዛ ከአምራቹ ምን ታገኛለህ?» የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት ይጠየቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

አራተኛው ፈተና የሚሸጠውና የሚሠራው ሰው አንድ መሆናቸው ነው። በትልልቅ ድርጅቶች ልምድ ያለው ሰው ገለጻውን ያደርግና ውሉ ሲፈረም ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ይላካል። በትናንሾቹ ደግሞ ሁሉንም የሚያውቀው አንድ ሰው ስለሆነ እሱ ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ ሁሉም ይቆማል። መፍትሔው የሚሠሩትን ሰዎች ስም ውሉ ላይ ማስፈር፣ ተተኪያቸውንም አብሮ መጥቀስ ነው። ከዚህ ቀደም ካገለገላቸው ደንበኞች መካከልም ሥራው ካለቀ ሁለት ዓመት ያለፈውን ማነጋገር ይሻላል፤ ትናንት ያስመረቀ ሁሉ ደስተኛ ነው።

አምስተኛው የወቅት ጉዳይ ነው። የአሜሪካው የቸኮሌት አምራች ሄርሺ 112 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበትን ሥርዓት በሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. ሥራ አስጀመረ። ዋናው የከረሜላ ገበያው የጥቅምቱ ሃሎዊን ነበር። ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ ሥርዓቱ ትዕዛዙን ማስተናገድ አቅቶት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትዕዛዝ ሳይላክ ቀረ። ለቁም እንስሳት ነጋዴ ሃሎዊን አረፋ ነው። ከአረፋ በፊት ባሉት ሦስት ወራት አዲስ ሥርዓት እንጀምር የሚል አማካሪ የነጋዴውን የዓመት ገቢ እየቆመረበት ነው፤ የሚያዋጣው በዓሉ አልፎ ገበያው ሲቀዘቅዝ መጀመርና የድሮውን ደብተር ቢያንስ አንድ ሙሉ ጭነት እስኪዘጋ አብሮ ማስኬድ ነው።

ስድስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመረጃው ባለቤትነት ነው። የቁም እንስሳት ንግድ ሀብቱ የሚታመን ደላላ፣ በዱቤ የሚሰጥ አርቢ፣ ቃሉን የማያጥፍ የጅዳ ገዢ ስም ነው። ይህን ዝርዝር የተረከበ አማካሪ ነገ ለተፎካካሪ ሊሠራ ይችላል። ኬንያ ከ2019 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አላቸው፤ የአርቢዎችን ስምና ስልክ የሚይዝ ነጋዴም ኃላፊነት አለበት። ውሉ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሲለያዩም ነጋዴው ሁሉንም በሚነበብ መልክ በስንት ቀን እንደሚረከብ ይናገር። የይለፍ ቃሉ አማካሪው እጅ ብቻ ያለ ሥርዓት የነጋዴው አይደለም።

ክፍያውን በተመለከተ ነጋዴው የሚያውቀው መንገድ ከሁሉም ይሻላል፤ ቀብድ ይሰጣል፣ ቀሪው ከብቱ ሲደርስ ይከፈላል። አማካሪውም እንደዚያው። መጀመሪያ አንድ ገበያ፣ አንድ ማድለቢያና አንድ ጭነት ብቻ ይሞከር። ጭነቱ ከግዢ እስከ መጨረሻ ክፍያ ተመዝግቦ የአንድ ከብት ትርፍ ወይም ኪሳራ በትክክል ሲታይ ሁለተኛው ክፍያ ይለቀቅ። በዚህ የማይስማማ አማካሪ የራሱን ሥራ አያምንበትም።

ነገሩ ሁሉ የአማካሪው ሸክም ብቻ አይደለም። ለአማካሪው አንድ ደብተር አሳይቶ ሌላውን የሚደብቅ ባለቤት የሚተከልለት ሥርዓት የተደበቀውን ሊያውቅ አይችልም፤ ሪፖርቱም ውሸት ይሆናል። ሥራውን ለእህት ልጅ ወይም ኮምፒውተር ለሚያውቅ ዘመድ ጥሎ ራሱ የሚርቅም እንዲሁ። ገበያውን የሚያውቅ፣ በድርጅቱ የሚታመንና ከአማካሪው ጋር በየቀኑ የሚቀመጥ አንድ ሰው መመደብ አለበት። ያ ሰው በዚያ ጊዜ ከብት አይገዛም፤ ይህም ወጪ ነው፣ በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

«ይህ ሁሉ ጥያቄ አማካሪውን ያሸሻል» የሚሉ አሉ። ይሽሽ። ሳሩን እንጂ ገደሉን የማያሳይ አማካሪ ቀድሞ ቢሄድ ትርፍ ነው። የሚቀረው ደግሞ የመጨረሻውን ርክክብ ፊርማ ከማን እንደሚቀበል አስቀድሞ ይነገረው፤ ቢሮ ካለው ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን፣ ስልኩን ይዞ በአቧራ ውስጥ ከብት ከሚቆጥረው ገዢ።