ታሪክ የሠሪው ነው፤ ምርምሩም ወደ ሠሪው ይመለስ

ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው ሲባል ዘወትር ይሰማል። ታሪክን የሚጽፈው ማነው? ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያን ያህል ቀላል ሆኖ አይገኝም። ገብስና ስንዴ አምርቶ ከተማን የመገበው ገበሬ፣ ድንጋይ ፈልጦ መንገድ ያነጠፈው የቀን ሠራተኛ፣ እንጨት ተሸክማ ገበያ የወጣችው እናት ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በብዛት ተጽፎ የሚገኘው የገዥው ስም፣ የሹሙ ማዕረግና የጦር አለቃው ዝና ነው። ይህ ጉድለት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። አውሮፓም ለብዙ ምዕተ ዓመታት ታሪኳን ስትጽፍ የኖረችው በዚሁ መንገድ ነበር። ሠራተኛው በአውሮፓ የታሪክ ምርምር ውስጥ ስፍራውን እንዴት እንዳገኘ መመርመር፣ ዛሬ በሮቤ፣ በጎባና በመላው የባሌ ደጋ መሠራት ያለበትን ሥራ ለይቶ ለማወቅ ይረዳል።

ለዚህ ምርመራ እ.ኤ.አ. 1963 ጥሩ መነሻ ይሆናል። በዚያ ዓመት አራት ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ በባሌ ጠቅላይ ግዛት ገበሬውና ከብት አርቢው በዘውዱ መንግሥት ላይ ጠመንጃ አነሣ። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ፣ በጊዜው አጠራር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ሦስተኛ፣ ጀርመናዊው ምሁር አይከ ሃበርላንድ የቦረናን፣ የጉጂንና የአርሲን ኦሮሞዎች ባህል የሚመለከት ትልቅ መጽሐፍ በሽቱትጋርት አሳተሙ። አራተኛ፣ በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ቶምሰን ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ አፈጣጠር የጻፉት መጽሐፍ ወጣ። ስለ መሬቱ የሚዋጋው የባሌ ገበሬ የቀሩትን ሦስቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የአራቱ ነገሮች ትርጉም ሊታወቅ የሚችለው ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።

በመጀመሪያ የእንግሊዙን እንመልከት። ቶምሰን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቀጥረው፣ ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ለሚማሩ ጎልማሶች ትምህርት ይሰጡ ነበር። ማስተማሪያቸው የሱፍና የጨርቅ ፋብሪካ በበዛበት በዮርክሸር አውራጃ ነው። መጽሐፋቸው የተመለከተው ከ1780 እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ያለውን ዘመን ሲሆን፣ የተረኩትም ስለ ሸማኔው፣ ስለ እጅ ሥራ ባለሙያውና ስለ ገጠር ሠራተኛው ነው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ አልጻፉም ተብሎ ሲታለፉ የኖሩ ናቸው። ቶምሰን ግን ድምፃቸውን ከደብዳቤያቸው፣ ከማኅበራቸው ደንብ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ፣ አልፎ ተርፎም መንግሥት ያሠማራቸው ሰላዮች ከጻፉት ሪፖርት ውስጥ ፈልገው አወጡት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ይኸውም ገዥዎች ሕዝቡን ለመቆጣጠር የጻፉት ወረቀት፣ አንባቢው ነቅቶ ካነበበው፣ የሕዝቡን ንግግር ይዞ የሚገኝ መሆኑ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ምርምር ወደ ገጠርም ዘልቋል። ኤሪክ ሆብስባውምና ጆርጅ ሩዴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በ1830 እ.ኤ.አ. በደቡብና በምሥራቅ እንግሊዝ የተነሣውን የእርሻ ሠራተኞች ዐመፅ አጥንተዋል። በዚያ ዘመን የእርሻ ሠራተኛው በክረምት ወራት እንጀራውን የሚያገኘው እህል በእጁ እየወቃ ነበር። የመውቂያ ማሽን ሲመጣ የክረምቱ ሥራ ጠፋ። ሠራተኛውም ማሽኑን ሰበረ፤ ክምሩን አቃጠለ። የተገኘው ፍርድ 19 ሰዎችን ለስቅላት ሲዳርግ፣ ከ400 በላይ የሚሆኑትን ደግሞ ወደ አውስትራልያ በግዞት ላከ። ቀድሞ የነበረው አስተያየት እነዚህን ሰዎች ዕድገት የማይገባቸው መሃይማን አድርጎ ያቀርባቸው ነበር። ምርምሩ ያሳየው ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ የጠሉት ብረቱን ሳይሆን፣ ብረቱ ሲገባ የእነርሱ ጉርሻ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያልጠየቀ መሆኑን ነው።

ይህ ነገር ለባሌ ሰው ሩቅ ወሬ ሊሆን አይችልም። በሲናና፣ በአጋርፋና በሮቤ ዙሪያ ባለው ሰፊ የስንዴ ማሳ ላይ ዛሬ ኮምባይነር ያጭዳል፤ ይወቃልም። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ከተቋቋመበት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደጋው ገበሬ የሚስማማ የስንዴና የገብስ ዘር ሲፈተሽ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ለአገር ጥቅም መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን በማጭዱ ያድር የነበረው አጫጅ፣ ደቦ ይጠራ የነበረው ጎረቤት፣ ቃርሚያ ትለቅም የነበረችው ድኻ ሴት ወዴት ሄዱ? የዘሩ ምርት በኩንታል ይመዘናል፤ የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ግን መዛኝ ይፈልጋል። ጎረቤት በሆነው በአርሲ ምድር፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርትን ሲያሳድግ፣ ባለርስቱ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ከመሬት ያፈናቀለ መሆኑ በጊዜው የተጠና ጉዳይ ነው። ያ ጥናት ባይኖር ኖሮ፣ ተርፎ የሚታየው የኩንታሉ ቁጥር ብቻ በሆነ ነበር።

ቀጥሎ የምርምርን አሠራር ራሱን መመርመር ይገባል። አውሮፓ ኢትዮጵያን ማጥናት የጀመረችው በኢትዮጵያዊ መምህር እጅ ነው። በአምሐራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ገብተው፣ ኢዮብ ሉዶልፍን ቋንቋና የአገር ታሪክ አስተምረዋል። ሉዶልፍም በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛን ሰዋስው አሳተሙ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞተው ስለ ነበር፣ የታተመውን አላዩም። የጎታ መስፍን ኤርንስት እርሳቸው ከመድረሳቸው አሥር ዓመት አስቀድሞ፣ በ1642 እ.ኤ.አ.፣ የገጠርና የከተማ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ስለዚያ አገርና ስለ ትምህርት ቤቱ የራሳቸውን መጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ቢያደርሱ ኖሮ፣ ጥናቱ ከሁለት ወገን በሆነ ነበር። ከዚያ ወዲህ አውሮፓን በኢትዮጵያዊ ዓይን የመመርመሩን ሥራ ከሞከሩት መካከል፣ በበርሊን የተማሩትና መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመላቸው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይገኛሉ። እርሳቸውም የጠየቁት ስለ ነገሥታት ጌጥ አልነበረም፤ የአንድ ሕዝብ ሀብት ከሥራው እንዴት እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚባክን ነበር።

የባሌ ደጋም ለምርምር እንግዳ አይደለም። ከጀርመን፣ ከስዊስና ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ያገኙትን በ2019 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን፣ የተራራው ራስ ገና በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ሳለ፣ የሰው ልጅ እዚያ እየተመላለሰ ይኖር እንደ ነበር ታውቋል። ሰዎቹ ጥቁር ባልጩት ከተራራው እያመጡ መሣሪያ ይሠሩ፣ ትልቁን ፍልፈልም እየጠበሱ ይመገቡ ነበር። እንግዲህ የባሌ ደጋ የሥራ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው ማለት ይቻላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስለ ተራራው፣ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ዋሻው የተጻፈው ብዙ ነው። በዚያው ተራራ ሥር ስለሚኖረው ሠራተኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ ጥቂቱም የሚነበበው በባዕድ ቋንቋ ነው።

ከ1963 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የቆየው የባሌ ዐመፅ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ዶክተር ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን የገበሬ ዐመፆች በአንድነት መርምረዋል። ስለ ባሌ ያቀረቡት ዋና ምክንያት መሬት ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የመሬት ልኬታ ወዲህ ግብር መክበዱን፣ መክፈል ያልቻለው ሰው መሬት እየተነጠቀ ለሹማምንትና ለሌላ ሰው መሰጠቱን ያስረዳሉ። ኖርዌጃዊው ቴርየ ኦስተቦ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መሬትና መደብ ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም፤ የእስልምና እምነትና የሕዝቡ ማንነት መደፈር በዐመፁ ውስጥ የነበራቸው ስፍራ ታላቅ ነው ሲሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ብዙ የደከሙበት ምርምር ነው።

ሠርቶ አደሩ አንባቢ በዚህ ክርክር ውስጥ ተመልካች ሆኖ ሊቀር አይገባውም። አንድ ገበሬ መሬቱ በተነጠቀበት ዕለት፣ ነጣቂው በቋንቋም በሃይማኖትም የተለየው ሲሆን፣ የተነካው ሆዱ ነው ወይስ ክብሩ? ብሎ መለየት ከባድ ነው። የገበሬውን በደል ወደ ግብር ደረሰኝ ብቻ የሚያወርድ አስተያየት ሰውየውን ግማሽ ያደርገዋል፤ የግብሩን ደረሰኝ ረስቶ ስለ እምነቱ ብቻ የሚናገርም እንዲሁ። ለጥያቄው ተገቢውን መልስ ሊሰጡ የሚችሉት በሕይወት ያሉት ምስክሮች ናቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ አጣዳፊ የሚሆነው። ዐመፁ ሲነሣ የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል። በየወሩ በዕድር ጥሩምባ የሚለቀስለት ሽማግሌ፣ ማንም ያልገለበጠው መዝገብ ይዞ ይቀበራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራው ከሦስት ወገን ይጠበቃል። የመጀመሪያው ወገን ነዋሪው ራሱ ነው። የሮቤና የጎባ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በየሰፈራቸው ያሉትን አረጋውያን ለይተው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ወጣት መድበው፣ ቃላቸውን በኦሮምኛም በአማርኛም ሊያስጽፉ ይችላሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በየቀበሌው ጎልማሳውን ሁሉ ፊደል ለማስቆጠር ያስቻለ ጉልበት በሕዝቡ ውስጥ እንዳለ አሳይቷል። የአሁኑ ሥራ ከዚያ ያነሰ ነው። የሚጻፈው ቃል ግን የአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይገባም። ዐመፀኛው፣ እርሱን ሊወጋ የተላከው ወታደር፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረው ቤተሰብ፣ በሁለቱ መካከል ገበያ ትውል የነበረችው ሴት ሁሉም ይጠየቁ። ዓላማው ያለፈውን ቂም ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ ልጆች በወሬ ከሚጣሉ በማስረጃ እንዲነጋገሩ ለማስቻል ነው።

ሁለተኛው ወገን በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በሮቤ ከተማ የሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ የትምህርት ተቋም የታነጸበትን አፈር የሚያጠና ከሆነ፣ ያጠናውን ለአፈሩ ባለቤት መመለስ ግዴታው ነው። ስለ ባሌ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በሌላም ቋንቋ የተጻፈው ተሰብስቦ፣ ፍሬ ሐሳቡ በአገር ቋንቋ ተተርጉሞ በሮቤና በጎባ የሕዝብ ማንበቢያ ስፍራዎች ቢቀመጥ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። ከዚህም በላይ መምህራን ወጥተው፣ ቶምሰን በዮርክሸር እንዳደረጉት፣ ለሠራተኛው የማታ ትምህርት ቢሰጡ፣ ምርምሩ ራሱ ይጠነክራል። የሚያጭደው ሰው የሚያውቀውን ነገር የሚያስተምረው ሰው የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነውና። በዴንማርክ አገር በ1844 እ.ኤ.አ. በሮዲንግ የተከፈተው የገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ጎልማሳውን ያለ ፈተናና ያለ ዲፕሎማ ታሪክና ቋንቋ እያስተማረ፣ በኋላ ለተስፋፋው የዴንማርክ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ንቃት ድርሻ አበርክቷል።

ሦስተኛው ወገን ከውጭ የሚመጣው ተመራማሪ ነው። እርሱም የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው። መንገድ የመራውን ባለ ፈረስ፣ ዋሻውን ያሳየውን እረኛ፣ ታሪክ የነገሩትን አዛውንት ከፈቀዱ በስማቸው ያመስግን፤ የደረሰበትንም ውጤት አንድ ቅጂ ለዚያው አገር ያስቀምጥ።

አውሮፓን ማጥናት ማለት የአውሮፓን ነገሥታት ስም በቃል መያዝ አይደለም። የሊድሱ ሸማኔና የሲናናው አጫጅ ተመሳሳይ ጥያቄ እንደሚጠይቁ ማወቅ ነው። የእንግሊዝ ሠራተኛ ታሪኩን ያገኘው፣ ታሪኩ ሊመረመር የሚገባው መሆኑን ያመኑ ሰዎች ከእርሱ ጋር ማታ ተቀምጠው ስለ መረመሩት ነው። የባሌ ሠርቶ አደርም ያንኑ ያህል ይገባዋል። የ1963ቱ ዐመፅ ምስክሮች የሚናገሩበት ጊዜ አጭር ነው። እያንዳንዱ ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ላይ አስፍሮ፣ ማን ማንን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ የተጻፈው የት እንደሚቀመጥ ወስኖ ሊነሣ ይገባል።