ክርክሩን ጥለን ኔትወርኩን ያዝን

አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ ወደ ፖለቲካው ብቅ ባለ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወሬ ይቀድመዋል። አንዱ «እሱ እኮ ገና በተማሪነቱ በክርክር መድረክ የሚያህለው አልነበረም» የሚል ሙገሳ ነው። ሌላው «ተዉት፣ የግቢው ኔትወርክ ነው ያወጣው» የሚል ሽሙጥ ነው። የሚገርመው ሙገሳውንም ሽሙጡንም የሚያሰሙን ብዙ ጊዜ እነዚያው ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ቃላቸውን የሚለውጡት ጠበቃው የማን ወገን እንደሆነ ካጣሩ በኋላ ነው። የእኔ ጠብ ከሁለቱም ጋር ነው። ክርክር የአደባባይ ነገር ነው፤ ኔትወርክ የጓዳ። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ከትተን ስንመዝን ወጣቱን ያለ አግባብ እናሞግሳለን፣ አለዚያም ያለ አግባብ እንኮንናለን።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲኖሩ ምን እንደሚመስሉ ለማየት አንባቢን ለጥቂት ደቂቃ ወደ እንግሊዝ ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አንድ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ስብስብ ነበር፤ ኋላ ጋዜጠኞች «የካምብሪጅ ማፊያ» የሚል ስም አወጡለት። ከመካከላቸው ሕግ ያጠኑ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ኬኔት ክላርክ አባቱ በማዕድን ማውጫ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ፣ በኋላም በሰዓት ሥራ የተሰማራ ሰው ነው። ማይክል ሃዋርድ ደግሞ ከሩማንያ ወደ ዌልስ የተሰደደ አይሁዳዊ ባለሱቅ ልጅ ነው። ክላርክ የፓርቲውን የተማሪዎች ማኅበር በሊቀ መንበርነት ሲመራ የቀድሞውን የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ኦስዋልድ ሞዝሊን ለንግግር ጋበዘ፤ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ በተከታታይ። ሃዋርድ በተቃውሞ ከማኅበሩ ለቀቀ። ቀጥሎ ሁለቱ ለዩኒቨርሲቲው የክርክር ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፤ ሃዋርድ አሸነፈ። ክላርክ ዓመት ጠብቆ በመጋቢት 1963 በሃምሳ ስድስት ድምፅ ብልጫ ወንበሩን ያዘ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ክላርክ የአገር ውስጥ ሚኒስትርነቱን ሲለቅ ቦታውን የተረከበው ይኸው ሃዋርድ ነበር።

ይህን ታሪክ እንደ ተረት አላሞግሰውም። አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ራት የበሉ ጥቂት ወንዶች በታቸርና በሜጀር መንግሥታት ሥልጣን ሲቀባበሉ ማየት የሚያኮራ አይደለም። ያ የክርክር ማኅበር እስከ 1963 ድረስ ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር፤ ስለዚህ መሰላሉ ገና ከመነሻው ለግማሹ ሕዝብ የተከለከለ ነበር። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ጠቡ በግልጽ ተደርጎ በተቆጠረ ድምፅ ተዳኘ፤ የተሸነፈውም ዓመት ጠበቀ እንጂ አሸናፊውን «ከሃዲ» ብሎ መዝገብ አላስከፈተበትም። ሁለተኛ፣ ኔትወርኩ ከአደባባይ ጥያቄ አላስጣለም። በግንቦት 1997 ጄረሚ ፓክስማን የተባለው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሃዋርድን በፊት ለፊት ይዞ ስለ እስር ቤቶች ዋና ዳይሬክተር ጉዳይ ያንኑ አንድ ጥያቄ አሥራ ሁለት ጊዜ ደጋገመበት። በክርክር ያደገው፣ በችሎት የታሸው ጠበቃ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ አገር አየው። በቀጣዩ ወር ለፓርቲው መሪነት ሲወዳደር ከአምስት ዕጩዎች አምስተኛ ወጣ። እርግጥ በ2003 ያለ ተወዳዳሪ መሪ ሆኖ ተመለሰ፤ ኔትወርክ ረጅም ዕድሜ አለው።

«ይህ የፈረንጅ ባህል ነው፣ ለእኛ አይሆንም» የሚል አይጠፋም። በላ ልበልሃን ያወቀ ሰው እንዲህ ብሎ አይከራከርም። ባላገሩ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ነገር በግጥም እያዋዙ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። ተሟጋቹ የተቃራኒውን ቃል አጥርቶ ካልሰማ በቀጣዩ ዙር ይረታል፤ ስለዚህ መስማት ግዴታው ነበር። ነገረ ፈጅ የሚባለውም ሙያ ከዚሁ የመጣ ነው። ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ ያደረግነው እኛው የተማርነው ነን።

እንዴት? ስድስት ኪሎን እንመልከት። በ1950ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ሲጀምር የሚታወቀው በአደባባይ ነገሮቹ ነበር፤ በንግግር፣ በግጥም ውድድር፣ በመጽሔት። የካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ሰልፍም ፊቱን ሳይሸፍን ነው የወጣው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን «አዞዎቹ» የተባለው ምስጢራዊ ቡድን ከመድረኩ ጀርባ ተደራጅቶ ነበር። መንግሥት አደባባዩን ሲዘጋ ጓዳው መከፈቱ አይቀርምና ወጣቶቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሆነውን መካድ አይቻልም። በኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ሲያነሣ፣ ለአሥር ዓመት ክርክር የሚበቃ ጉዳይ ነበር ያነሣው። በወሩ የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ሎስ አንጀለስ ላይ ባደረገው ጉባኤ በዚሁ ጥያቄ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የሚመለሰው ማን የማን ሰው እንደሆነ በማጣራት ሆነ።

አንድ የመጨረሻ ዕድል ነበር። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዓምዱ የኢሕአፓንና የመኢሶንን ወገን ያከራክር ነበር። ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ወይስ አይቋቋም፣ የዴሞክራሲ መብት ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይመልሳል። ዛሬ ሲነበብ ቋንቋው ጥርስ ይሰብራል፤ ግን ክርክር ነው። በሁለተኛው ዓመት ያው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች በጥይት ይፈላለጉ ነበር፤ ደርግም ሁለቱንም በየተራ በላቸው። እነዚያ ሰዎች አንደበት አላጡም። ያጡት የተቆጠረ ድምፅና ዓመት የመጠበቅ ልማድ ነው።

ከዚያ የወረስነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጠየቁት ነጻ ማኅበር፣ የራሳቸው ጋዜጣና የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ መውጣት ነበር፤ የአደባባይ ጥያቄ ማለት ነው። መልሱ ቆመጥና ጥይት ሆነ። የ1997ቱ ምርጫ የቴሌቪዥን ክርክር ሲተላለፍ ቡና ቤቶች ሞልተው፣ ሰው ሥራ ጥሎ እንደሰማ አይረሳም። ከምርጫው በኋላ የተወሰደው ትምህርት «ክርክሩን እናስፋ» የሚል አልነበረም፤ ኢሕአዴግ አባላቱን በሚሊዮን ማብዛት፣ ግቢዎቹንም በአንድ ለአምስት ማሰር ያዘ። ድርጅቱ በ2012 ዓ.ም. ፈረሰ። ልማዱ ስለመፍረሱ ግን በየግቢው የሚያስተምር ሰው ይጠየቅ።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጠበቃ ልመለስ። ተማሪዎች ለምስለ ችሎት ውድድር ሲዘጋጁ ባየሁ ጊዜ ሁሉ የምደሰትበት አንድ ነገር አለ፦ ጠዋት አመልካች ሆኖ የተሟገተው ልጅ ከሰዓት ተጠሪ ሆኖ የራሱን የጠዋት ነጥብ ማፍረስ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚካሄደው የአፍሪካ የሰብአዊ መብቶች ምስለ ችሎትም የሚሠራው በዚህ ደንብ ነው። «ይህማ አድርባይ ያፈራል፤ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው የሚሟገት ምን እምነት ይኖረዋል?» ይሉኛል የሙያ ባልደረቦቼ። አክብሬ እጠይቃቸዋለሁ፦ ባለፉት ዘመናት ያየናቸው አድርባዮች ከየትኛው የክርክር ክበብ ነው የተመረቁት? የሌላውን ወገን ቃል በሕይወቱ አንድ ቀን አጥርቶ ያልሰማ ካድሬ አይደለም እንዴ መንግሥት በተለወጠ ማግስት አዲሱን መዝሙር ሲያዜም ያገኘነው?

ደግሞም የሕግ ሰው ያለ ኔትወርክ ሊወጣ እንደሚችል አይተናል። ብርቱካን ሚደቅሳ በ1994 ዓ.ም. ዳኛ ሳለች ስዬ አብርሃን በዋስ ስትለቅ፣ እሱም ከችሎት እንደወጣ ተመልሶ ሲያዝ፣ አገር ስሟን የያዘው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ቅንጅት ውስጥ የገባችው፣ የታሰረችው፣ በኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድን የመራችው ይህን ይዛ ነው። በፖለቲካዋ ያልተስማማ ሁሉ ሊከራከራት ይችላል፤ «ማን አወጣት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን መልሱ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አለ።

ስለዚህ ወጣቱን ጠበቃ «ተከራካሪ ነበርህ» ብሎ መዝለፉም ማወደሱም ይቅር። የሚጠየቀው ሌላ ነው። በተማሪነትህ ከእነማን ጋር በምስጢር ትሰበሰብ ነበር? የማኅበሩን ወንበር ስትይዝ ድምፁን ማን ቆጠረ? ተሸንፈህ ታውቃለህ? በማግስቱስ ምን አደረግህ? ለዕጩነት ስምህን ያቀረበው ማነው፣ ወጪህንስ ማን ሸፈነ? ይህን በአደባባይ ይመልስ፤ አንደበቱ የተባለውን ያህል ከሆነ አይከብደውም። ዙሪያ ጥምጥም ከሄደም አሥራ ሁለት ጊዜ መድገም ነው።