ሕግ ተኝቶ ሲነቃ

ያስተማርኩት ልጅ ነው። የሱቆችን ስም ፌስታልና ቲሸርት ላይ በስክሪን እያተመ ይኖራል። ሰሞኑን ደውሎ «ቲቸር፣ ያከማቸሁትን ፌስታል ምን ላድርገው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ክልከላውን እደግፋለሁ። ቦዩን ምን እንደደፈነው ሁላችንም እናያለን።

ግን «ቀድሞ አያስብም ነበር?» እንዳትሉኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513ም እኮ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ማን ሰማው? በየሱቁ ሲታደል ኖረ። 18 ዓመት የተኛ ሕግ እያየ ያደገ ልጅ አዲሱም ይተኛል ቢል ምን ይገርማል? እኔ ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብልና ሰኔ ላይ መቅጣት ብጀምር፣ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነው?

ስለዚህ ከቅጣቱ በፊት ለእነዚህ ልጆች ጊዜና ብድር ይሰጣቸው። ሱቅ ያላችሁም የጨርቅ ቦርሳ እዘዟቸው፤ ያው ስክሪን ጨርቅ ላይም ያትማል። ፌስታል ላይ ያለ ስማችሁ ቦይ ውስጥ ይቀራል፣ ጨርቅ ላይ ያለው ግን ገበያ ለገበያ ይዞራል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አውሩኝ።