የቤተሰብ ዓምድ፦ ማን ማንን አስታመመ?

የበሽታ ምርምር የሐኪሙና የላቦራቶሪው ሥራ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ቢኖር የማሪዲን ታሪክ ይስማ።

እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ ሱዳን 284 ሰዎች ከዚያ በፊት ባልታወቀ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ተይዘው 151ዱ ሞቱ፤ በሽታው በኋላ ኢቦላ ተባለ። ወረርሽኙ በንዛራ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ተነሥቶ፣ ከጁባ በስተምዕራብ በምትገኘው በማሪዲ፣ ያውም በራሱ በሆስፒታሉ ውስጥ ተባባሰ። ከሕሙማኑ 213ቱ የማሪዲ ነበሩ፤ አንዱ በጁባ ተመዝግቧል።

ቫይረሱን ለይቶ ያወቀው ላቦራቶሪ ነው። የመተላለፊያውን መንገድ የገለጠው ግን «ማን ማንን አስታመመ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ የዚህም መልስ ያለው በነርሶችና በቤተሰብ ዘንድ ነው። ክትባት ባልነበረበት በዚያ ወቅት ወረርሽኙን የገታው ሕሙማንን ለይቶ ማስተኛትና አስታማሚዎችን መከላከያ ልብስ ማልበስ ነበር። ቃኚ ያልመራው መድፍ ምን እንደሚመታ ወታደር ያውቀዋል!

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ማሠልጠኑ አርቆ አሳቢነት ነበር።

እንግዲህ በቤታችሁ ትኩሳት ሲነሣ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና በሽተኛውን ያስታመመውን ሰው ለነርሷ ሳትደብቁ ንገሩ።