ኮምፒዩተራችንን ዘይት ውስጥ እንንከረው?

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሙቀት ማስተላለፍ በምንማርበት ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ኮምፒዩተርን እየሠራ እያለ ሙሉ በሙሉ ዘይት ውስጥ ብንነክረው ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ይሠራል፤ እንዲያውም ይቀዘቅዛል» አሉና ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዲፓርትመንታችን ሌላ ወሬ የለም ማለት ይቻላል። ግማሹ ተማሪ ከስቶር አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አስወጥተን፣ በመስታወት ሳጥን ዘይት ውስጥ ከተን ለዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን እናቅርብ ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ሰው ለወጥ የሚሆን ዘይት በሊትር እየቆጠረ በሚገዛበት አገር ይሄ ጥጋብ ነው» ባይ ነው።

እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ኤግዚቢሽኑ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ጅጋ ላይ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዞ የጽሕፈት ሥራ ይሠራል። ቤቱ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ በበጋ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራውን አራግፎበት ይሄዳል። ይባስ ብሎ ጎረቤቱ ወፍጮ ቤት ነው። ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለው አገር በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ ስለሆነ፣ በርበሬ የሚፈጭ ዕለት ደንበኛውም፣ ወንድሜም አብረው ያስነጥሳሉ፤ ኮምፒዩተሩም ቢችል ያስነጥስ ነበር። ፋኑ እንደ ወፍጮው ይጮሃል። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲግል በራሱ ጊዜ ድርግም ይላል፤ ሴቭ ያልተደረገ ማመልከቻም አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ስልክ ላይ ስናወራ የዘይቱን ነገር እንደ ቀልድ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ዝም አለና፣ «እንግዲያውስ የኔንም ክተትልኝና ከዚህ አቧራ ልገላገል፤ የዘይቱን እኔ እችላለሁ» አለኝ። እዚህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ የነበረው ነገር እዚያ የአንድ ቤት እንጀራ ጉዳይ ሆነ። «አይሆንም» ልለው ፈለግሁ፤ ለምን እንደማይሆን ግን ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

በመጀመሪያ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ እንስማማ። ውኃ የሚያስፈራን በውስጡ የሟሟው ጨውና ማዕድን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። ንጹሕ ዘይት ግን አያስተላልፍም። ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው የትም መሄድ አያስፈልግም፤ ጅጋ ላይ ቀና ብሎ የመብራት ምሰሶውን ማየት ይበቃል። እዚያ ላይ የተሰቀለው ግራጫ ትራንስፎርመር ሆዱ ዘይት ነው። የመዳብ ጥቅልሉም ብረቱም በዘይት ተነክሮ ነው ቀንና ሌሊት የሚሠራው። ዘይቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ጥቅልሎቹ እንዳይነካኩ ይከላከላል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ያወጣል። ይህ ዘዴ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ነው።

በኮምፒዩተርም ቢሆን ፋና ወጊዎቹ እኛ አይደለንም። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሬይ-2 የተባለው ሱፐርኮምፒዩተር ወረዳዎቹ ፍሎሪነርት በሚባል ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ነበር የሚሠሩት። ፍሎሪነርትን ሲያመርት የቆየው ስሪ ኤም ኩባንያ፣ ይህ ፈሳሽ የሚመደብበትን የኬሚካል ቤተሰብ ማምረት በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለማቆም በ2022 ወስኗል፤ ምክንያቱም እነዚህ ኬሚካሎች በተፈጥሮ ውስጥ በቀላሉ የማይጠፉ መሆናቸው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር የሚባሉት የኮምፒዩተር ገምጋሚዎች አንድ ዴስክቶፕ በምግብ ዘይት ሞልተው አሠርተው አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ፒውጀት ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዓሣ ማርቢያ መስታወት ውስጥ፣ በሚኒራል ኦይል ሞከረው። ኢንቴልም ሰርቨሮችን ለአንድ ዓመት ያህል ዘይት ውስጥ አቆይቶ ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተዘግቷል።

ያልተዘጋው፣ በእኔ አስተያየት ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር ሌላ ነው። ዘይት ሙቀትን አይበላም፤ ይሸከማል እንጂ። አንድ ሊትር ዘይት ከአንድ ሊትር አየር ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሙቀት መያዝ ይችላል። መልካም። ታዲያ የያዘውን የት ያራግፈው? እስቲ እናስላው። 40 ሊትር ሚኒራል ኦይል 34 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 200 ዋት የሚያወጣ ኮምፒዩተር ብንነክርበትና ሳጥኑ ምንም ሙቀት ወደ ውጭ ባያስወጣ፣ ዘይቱ በየአምስት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ዲግሪ ይጨምራል። 30 ዲግሪ ለመጨመር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ለአንድ ሰዓት ሞክሮ «ወይ ተአምር፣ አይሞቅም እኮ!» የሚል ሰው ራሱን የሚያታልለው፤ ጀሪካኑ ገና አልሞላለትም።

እርግጥ መስታወቱም ሙቀት ያስወጣል። በእኔ ግምታዊ ስሌት እንዲህ ያለው ሳጥን በመጨረሻ የሚረጋው ከክፍሉ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ክፍሉ 25 ቢሆን ዘይቱ 55 ሆነ ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከዘይቱም በላይ ይሞቃል። አሁንም ወደ ትራንስፎርመሩ እንመለስ። ጎኑ ላይ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩትን ክንፎች ልብ ብላችሁ አታውቁም? የሞቀው ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ በክንፎቹ ውስጥ ሲወርድ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ከታች ተመልሶ ይገባል። ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። በኤግዚቢሽኑ ላይ መስታወትና ዘይት ብቻ የሚያቀርብ ቡድን ግማሽ ትራንስፎርመር ነው ያቀረበው።

የትኛው ዘይት? የሚለው ላይ ደግሞ እኛ ጎጃሞች ወዲያው ወደ ኑግ ነው የሄድነው። ኑጉ የአገራችን ነው፣ ቡሬ ላይም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለን፤ ምን ገዶን! አንድ ጓደኛችን እንዲያውም «አገር በቀል ቴክኖሎጂ» የሚል ርእስ አዘጋጅቶለታል። ልቡን ለመስበር ፈልጌ አይደለም፣ ግን እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ምጣዱ በቅባት እህል እየተሸ ሲሞቅ ቅባቱ ይደርቅና ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር የማይለቅ ሽፋን ይሆናል። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህ ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ቶሎ እየተዋሐደ የሚወፍርና የሚደርቅ ዓይነት ነው። ለምጣድ በረከት ነው። ማዘርቦርድ ላይ ግን በመጀመሪያ ይሻግታል፣ ቀጥሎ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ዋጋ ሲያሻቅብ ሰው ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። 40 ሊትር የሚበላ ዘይት መስታወት ውስጥ አቁሞ «ኑ እዩልኝ» ማለት እኔን ያሳፍረኛል። ጥጋብ ነው ያሉት ልጆች በዚህ እውነት አላቸው።

ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። «ከተጣለ ትራንስፎርመር ዘይት እናስቀዳ» የሚል ነገር ሰምቻለሁ። አታድርጉት። በድሮ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ ፒ.ሲ.ቢ. የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ካንሰር ያመጣል፣ በቆዳም ይገባል፣ ሰውነት ስብ ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት ይቆያል። በቀለሙም በሽታውም አይለይም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአግባቡ እንዲወገዱ ይጠይቃል። ለኤግዚቢሽን ብለን እጃችንን የምንነክርበት ነገር አይደለም። ከሞከርን መሞከር ያለብን በንጹሕ ሚኒራል ኦይል፣ ማለትም በፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን እየተባለ በሚሸጠው ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን እሳት ካገኘ የሚነድ ነገር መሆኑን መርሳት የለብንም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር የእሱ ጥያቄ ከእኛ ጥያቄ ይበልጣል። ዘይት ውስጥ አቧራ አይገባም፤ በርበሬም አይገባም። የጽሕፈት ማሽን ስለሆነ 60 ዋት ያህል ቢያወጣ ነው፤ ለዚህ ያለ ምንም ክንፍ መስታወቱ ብቻ ይበቃል፤ ከክፍሉ ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ ቢበልጥ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ዘይት ከፍታ አያውቅም። በወረቀት ላይ ወንድሜ ትክክል ነው።

ታዲያ ለምን አይሆንም? አንደኛ ተራ ሃርድ ዲስክ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፤ ዘይት ከገባበት ያበቃለታል። የሰው ማመልከቻ፣ ውክልና፣ የፈተና ወረቀት፣ ሁሉም ያለው እዚያ ላይ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. መግዛት ወይም ዲስኩን ከዘይቱ ውጭ ማንጠልጠል አለበት። የሚኒራል ኦይሉ ፕላስቲኩንም አይምርም፤ የፒ.ቪ.ሲ. ገመዶች ከጊዜ በኋላ ይደርቃሉ፣ ሲያጥፏቸው ይሰነጠቃሉ።

እኔን የበለጠ ያስፈራኝ ግን ዘይቱ ሳጥኑ ውስጥ አለመቀመጡ ነው። በገመዱ ሽፋን ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር ሽቅብ ይሳባል። ዛሬ ኬዙ ውስጥ የነበረው ከወር በኋላ ኪቦርዱ ሥር፣ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? ከገጠር በጠዋት የመጣ ገበሬ ፎቶ ኮፒ ይነሣልኝ ብሎ ያስቀመጠው የመሬት ይዞታ ደብተር። እሱ ደብተር ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ቢያርፍ ወንድሜ ለማን ምን ብሎ ያስረዳል? ማሽኑስ አንድ ቀን ቢበላሽ ማን ይጠግንለታል? ባለሙያው ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ማዘርቦርዱ ዘይት ሲያንጠባጥብ ቢያይ ዕቃውን ሰብስቦ ነው የሚመለሰው፤ አልፈርድበትም።

ዘይት የሚያዋጣበት ቦታ አለ። ብዙ ማሽኖች በአንድ አዳራሽ ቀንና ሌሊት ሙሉ ኃይላቸውን ተጠቅመው በሚሠሩበት፣ የማቀዝቀዣው መብራት ብቻውን ትልቅ ወጪ በሆነበት ቦታ። በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት የሸጠላቸው የቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች ዓይነት ሥራ ነው ይህ። እዚያ ጠጋኝ ተቀጥሮ ይቀመጣል፤ የገበሬ ደብተርም ጠረጴዛ ላይ የለም። ከእኛ ተመራቂዎች አንዱ ነገ እንዲህ ያለ ቦታ ሊቀጠር ይችላልና ሙከራውን ማድረጉን እደግፋለሁ። ከስቶሩ አንድ የተጣለ ማሽን፣ ንጹሕ ሚኒራል ኦይል በልክ፣ ከአሮጌ መኪና የወጣ ራዲያተር፣ ሦስት ቴርሞሜትር። ውጤቱ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሳያቋርጥ ተመዝግቦ ይለጠፍ። የአንድ ሰዓት ትዕይንት ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም። ዲፓርትመንቱንም አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አራት ዓመት ስንማር ኮምፒዩተር ከፍቶ ማጽዳት አንድም ቀን ላብ ውስጥ አልተሰጠንም። ለምን?

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በሁዳዴ መጨረሻ ጅጋ ስሄድ የወንድሜን ኬዝ ከፈትኩት። ፋኑና የፕሮሰሰሩ ክንፎች መሐል የተጋገረው ነገር ቀይ ነበር፤ ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ በርበሬ። አፍንጫችንን ሸፍነን ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን በቀለም ቅብ ብሩሽ ጠረግነው። የደረቀውን ቴርማል ፔስት ፍቀን አዲስ ቀባን፤ ፋኑንም አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አቀመስነው። ኬዙን ከወለሉ አንስተን፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ አርቀን መደርደሪያ ላይ ሰቀልነው፤ አየር በሚያስገባበት በኩል አሮጌ ነጠላ ወጠርንበት፤ በየሳምንቱ ይታጠባል። ሥራው ከሁለት ሰዓት አልበለጠም። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በሙቀት አልጠፋበትም፤ በመብራት መቋረጥ ግን ይጠፋል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወንድሜ ለካ ምክሬን ሳይጠብቅ አምስት ሊትር ዘይት ገዝቶ ጥግ ላይ አስቀምጦ ኖሯል። እናታችን ለጾሙ ወጥ ብላ ማታውኑ ወደ ማድቤት ወሰደችው።