ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ

የኬፕታውንን አመሠራረት የሚያወሱ ተከታታይ የታሪክ መድረኮች ይዘጋጁ ከተባለ መነሻው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1652 ነው ትለኛለህ፤ ያን ቫን ሪቤክ በሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ስም ከጠረጴዛ ተራራ ግርጌ የደረሰበት ዕለት። ወዳጄ፣ በዚህ አልስማማም። ቀኑስ እውነት ነው፤ ግን ከእሱ ከተነሣን የስፍራው ነባር ከብት አርቢዎች ኮይኮዎቹ በገዛ አገራቸው ታሪክ ውስጥ እንግዳ ሆነው ይገባሉ። ኩባንያው እዚያ የሰፈረው ወደ እስያ ለሚመላለሱ መርከቦቹ ውሃ፣ አትክልትና ሥጋ ለማቅረብ ነበር። ሥጋው ደግሞ የሚመጣው ከኮይኮዎቹ መንጋ ነው። ያለ እነሱ ከብት ያ ጣቢያ በምን ይቆም ነበር?

እኔን ብትሰማኝ የመጀመሪያውን መድረክ ከአዳራሽ አውጥተህ እዚያው ኬፕታውን ባለው ኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ስፍራ አድርገው። በ1657 ኩባንያው ከሠራተኞቹ ለአንዳንዶቹ የእርሻ መሬት ሲያድል የኮይኮዎቹ ግጦሽ ተነካ፤ በ1659 ጦርነት ተነሣ፤ በ1660 ሰፋሪዎቹ ሰውና ከብት እንዳያልፍ የዱር ለውዝ ተክለው አጠሩ። የዚያ አጥር ቅሪት በኪርስተንቦሽ ዛሬም ለምልሞ ይታያል። በእርቁ ድርድር የተነሣውን ክርክር ሪቤክ ራሱ በዕለት መዝገቡ አስፍሮታል፦ ኮይኮዎቹ እነሱ ሆላንድ ቢሄዱ እንዲህ መሬት መያዝ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም መሬቱ በጦርነት እንደተያዘ ነገራቸው። ይህን ከአጥሩ ሥር ቆሞ የሰማ ሰው ከተማዪቱ እንዴት እንደተመሠረተች ይገባዋል።

ጽሑፍ የተወው አንደኛው ወገን ብቻ ነው ማለትህ አይቀርም። ልክ ነህ፤ ሆኖም መዝገቡን አጥብቆ ለጠየቀው ሌላውም ወገን እዚያው አለ። በሪቤክ ቤት አድጋ አስተርጓሚ የሆነችው የኮይኮዎቹ ልጅ ክሮቶዋ አለች፤ በ1658 ሮበን ደሴት የተጋዘው የኮይኮ አለቃ አውትሹማቶ አለ። በዚያው ዓመት በባርነት ተጭነው የመጡት አንጎላውያንም ከመሥራቾቹ ተርታ ሊቆጠሩ ይገባል።

መድረኩ ወደ ክስ ይለወጣል የሚለውን ሥጋትህን አልንቀውም። ግን የ1952ን በዓል ተመልከት፤ የአፓርታይድ መንግሥት የሪቤክን መምጣት 300ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር ነጭ ካልሆኑት ብዙዎቹ አድመው ቀሩ፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስም በዚያው ኤፕሪል 6 የተቃውሞ ስብሰባ ጠራ፤ በጁን የእምቢተኝነት ዘመቻው ተጀመረ። ሕዝቡን ያራራቀው ግማሹ ታሪክ መዘለሉ ነበር። ኤፕሪል 6ንም ቢሆን ጣለው አላልኩህም። በመጨረሻው መድረክ ይነሣ፤ ያን ጊዜ ታዳሚው የሪቤክን መርከቦች ከብቱን ይዞ ባሕር ዳር ከቆመው ሰው ጎን ሆኖ ያያቸዋል።