«ደስ ብሎት ይዋል» አይበቃም

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ርእሰ መምህሩም፣ ጎረቤቱም፣ አንዳንዴም የገዛ ወላጆቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ «ዋናው ደስ ብሎት መዋሉ ነው።» አባባሉ ከክፋት አይመነጭም። እንዲህ ያለውን ልጅ ጓዳ መደበቅ የተለመደ በነበረበት፣ ዛሬም ጨርሶ ባልቀረበት አገር ዩኒፎርም ለብሶ ከበር መውጣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከጓዳ ያወጣነውን ልጅ ክፍል ጥግ አስቀምጠን ረስተነዋል። ዓመት በመጣ ቁጥር ከክፍል ክፍል እየተዛወረ ስሙን እንኳ ማንበብ ሳይችል ቢቀር የሚጠየቅ የለም፤ ደስተኛ ነው ተብሏላ።

«መላእክት ናቸው፣ ቂም አያውቁም» የሚለው ሙገሳም ያው ነው። ልጁ ይከፋዋል፣ ይቀናል፣ ይሰለቻል። ሰልችቶት ከወንበሩ ሲነሳ ግን «ጸባዩ ነው» ይባላል እንጂ ትምህርቱ በሚገባው መንገድ ቀርቦለት እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም።

«አይማርም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፊደል ገበታ ፊት ነው። መምህሯ ትላለች፣ ክፍሉ በዜማ ይቀበላል፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ዋና ዋና ችግሮች አንዱ ደግሞ በጆሮ የሰሙትን ለአፍታ ይዞ መድገም ነው፤ በዓይን ያዩትን መያዝ ይቀላቸዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ከጆሮ ታምቡራቸው ጀርባ በሚጠራቀም ፈሳሽ የተነሳ አጥርተው አይሰሙም። ስለዚህ በደካማ ጎናቸው እናስተምራቸዋለን፣ በደካማ ጎናቸው እንፈትናቸዋለን፣ ከዚያ አይችሉም እንላለን። «ዳቦ» በትልቁ ተጽፎ ከሥዕሉ ጋር ቢቀርብ፣ ቀጥሎ «ውሃ»፣ ቀጥሎ የእህቱ ስም ቢጨመር፣ ልጁ በዓይኑ ያያል፣ በጣቱ ይነካል፣ ከዚያ ይላል፤ ንባቡ ንግግሩን ይጎትተዋል። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሱ በክሊ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህን ማጥናት የጀመሩት አንድ አባት ስለ ሴት ልጁ ስለጻፈላቸው ነበር፤ ልጅቷ ከሦስት ዓመቷ ጀምራ በቃላት ካርድ ማንበብን፣ በማንበብም መናገርን ተምራለች። የእኛ ፊደል ደግሞ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይዟል፤ «ዳቦ» ሁለት ምልክት ብቻ ናት። ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን ልጆቹን በዜማ ብቻ ማድከማችን ያንገበግበኛል።

«ስልሳ ተማሪ ይዤ ለአንዱ ካርድ ልጽፍ?» የምትል መምህርት እውነት አላት። ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም። ልጁን ፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ትእዛዙን ማሳጠር፣ ጠይቆ መልሱን ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የቃላት ካርዱን ደግሞ ቤተሰብ ማዘጋጀት ይችላል፤ የትኛውን ቃል እንደሆነ የሚነግረው ካገኘ።

ስለ ጓደኝነት «ልጆች ንጹሕ ናቸው፣ ራሳቸው ይግባባሉ» የሚባለው ነው ከሁሉም የሚያሳስበኝ። በክሊና ባልደረቦቻቸው በመደበኛና በልዩ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን ታዳጊዎች አነጻጽረው ነበር። በመደበኛው የተማሩት በንግግር ከሁለት ዓመት በላይ፣ በንባብና በጽሑፍ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድመው ተገኙ። የልብ ጓደኛ በማግኘት ግን የልዩ ትምህርት ቤቶቹ ልጆች ይሻሉ ነበር። ይህን ይዞ «እንግዲያው ይለዩ» የሚል አይጠፋም። እኔ የምረዳው ሌላ ነው፦ አንድ ክፍል ማስቀመጥ ለንባቡ ይረዳል፣ ጓደኛ ግን በራሱ አያመጣም።

ጫማውን የምታስርለት፣ አፍንጫውን የምትጠርግለት ልጅ ደግ ናት፤ ግን ታናሽ ወንድሟ አድርጋዋለች። ጓደኛ የሚሆናት እሱም ተራው ደርሶት ሲጫወት፣ ሲሸነፍ፣ ሲያሸንፍ፣ እሷን ሲረዳ ነው። ስለዚህ የሰኞ ማክሰኞን ሕግ ቤት ውስጥ ከእህት ከወንድሞቹ ጋር ደጋግሞ ይልመድ። መምህሯ በእረፍት ሰዓት ከሁለት ወይም ከሦስት ልጆች ጋር ታጣምረው፤ ደብተር ማደሉን፣ ሰሌዳ ማጥፋቱን ለእሱም ትስጠው። ወላጅም ቅዳሜ አንድ የክፍል ጓደኛውን ቤት ይጥራ። ልጁ አይጋበዝም ብሎ ከማዘን መጋበዝ ይቀድማል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጁ ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ብቻ ሳይሆን እንደ ፍላጎቱ ድጋፍ እንዲያገኝም ያዛል። ትምህርት ቤቶች መዝግበን ተቀብለናል ብለው የሚኮሩት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ፈጽመው ነው። ለሁለተኛው ግማሽ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች በልዩ ክፍልና በድጋፍ ማዕከል ሳይወሰኑ ከመደበኛ መምህራን ጋር ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ዕቅድ ያውጡ። በወሰነ ትምህርቱ የሚያነባቸው ቃላትና በእረፍት ሰዓት አብረውት የሚጫወቱ ልጆች በዕቅዱ ይጻፉ። ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ወላጅም ባለበት ይታይ፤ ያልተሳካ ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው የማስተማሪያ ዘዴው ይሁን።